ሌንሳ «አልልም» ያለች ቀን

ባለፈው ሳምንት ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች የሚቀጥለውን የሶፍትዌር ጉባኤ የትኛው ሀገር ያዘጋጅ እያሉ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ሆቴል ይቆጥራል፣ ሌላው የአውሮፕላን መስመር። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ሲጮህ እኔ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ሐሳቤ ሌንሳ ጋ ነበር።

ከእሷ ጋር የሠራን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምንሠራው ክፍት ሶፍትዌር ይባላል፤ ኮዱ ለማንም አይከለከልም፣ የቻለ ሁሉ ያሻሽለዋል፣ እንደ ደቦ ነው። ሌንሳ የሰበታ ገበሬ ልጅ ናት። ቀን ታስተምራለች፣ በተረፋት ሰዓት ለኮምፒውተር የአፋን ኦሮሞ ፊደል ማረሚያ ትሠራለች። ከባሕር ማዶ አብረዋት የሚሠሩትን ሰዎች አንድ ቀን በአካል አይታ አታውቅም። ለዓመታዊው ጉባኤ ሁለት ጊዜ ጠርተዋት ሁለት ጊዜም ቪዛ ተከልክላለች። «እኔ መሄድ ካልቻልኩ እነሱ ይምጡ!» አለችና ኢትዮጵያ እንድታዘጋጅ አመለከትን። ለመጨረሻው ዙር የቀረነው እኛና ያቺው ቪዛ የከለከለቻት ሀገር ነበርን።

ቅጹን ተካፍለን ሞላን። የጸጥታውና የኢንተርኔቱ ክፍል ለእኔ ደረሰኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጤፉ ተከምሯል፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው በሚል ቁጣ ተማሪው መንገድ ወጥቷል። ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ኢንተርኔቱም ይጠፋል። እኔ ደግሞ እንግዳ ፊት የቤት ጉድ በማይወራበት ቤት ነው ያደግኩት። አባቴና እናቴ ተኳርፈው እንኳ በር ሲንኳኳ ፊታቸው ይፈታ ነበር። «መንገዱ ክፍት ነው? ኢንተርኔቱ አይቋረጥም?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብዬ አለፍኩ። ገመና መሸፈን እንጂ መዋሸት አልመሰለኝም። ለሌንሳ ግን አላሳየኋትም።

አዘጋጁን ሀገር የሚመርጡት ዳኞች በቪዲዮ የሚያነጋግሩን ቀን ቡራዩ አንድ ዘመዴ ኢንተርኔት ቤት ተቀጣጠርን። ጠዋት መንገድ ተዘግቶ ታክሲ ሥራ አቆመ። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ሌንሳ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ አንድ እስር የሽምብራ እሸት ይዛ ከች አለች።

«እንዴት መጣሽ?» አልኳት።

«ከአስኮ በእግሬ ነዋ! መንገዱን የዘጉት ልጆች ‹ኦቦሌቲ፣ እህታችን፣ ወዴት ነሽ?› አሉኝ፤ ነገርኳቸው፣ አሳለፉኝ። በል ፈልፍል፣ እርቦኛል።»

ስለ ሥራዋ ስትናገር ዳኞቹ ከልብ ነበር የሚሰሙት። አንዷ እንዲያውም አጨበጨበችላት። ያሸነፍን መሰለኝ። ከዚያ ሰብሳቢው ወረቀት ገለጠና፣ «መንገድም ኢንተርኔትም አይቋረጥም ብላችሁ ሞልታችኋል። ይህን በእርግጠኝነት ትላላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

ሌንሳ አንዴ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ። ማን እንደሞላው ታውቃለች።

«አልልም» አለች ቀስ ብላ፣ በእንግሊዝኛዋ። «ዛሬ እንኳ መንገድ ተዘግቶ በእግሬ ነው የመጣሁት። የዘጉት ተማሪዎቼን የሚመስሉ ልጆች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ አባቶቻቸው መሬት ነው። ነገ የሚሆነውን አላውቅም። የቅጹ ስህተት የእኔ ነው፤ ይቅርታ።»

ስክሪኑ ሲጠፋ ጮህኩባት። «ምን ነካሽ? በእጃችን የገባውን እኮ ነው የጣልሽው!»

«እንግዳ ጠርተህ ድንጋይ ቢያገኘው የሚፈነከተው እሱ ነው፤ አንተ አይደለህም» አለችኝ። አልተቆጣችም። ይልቅ የተረፈውን እሸት ለሁለት ከፈለችው።

ጉባኤው ወደዚያች ሀገር ሄደ። ሌንሳም ለሦስተኛ ጊዜ ቪዛ ጠይቃ ለሦስተኛ ጊዜ ተከለከለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎበዝ ሰው አጋጥሞኛል፤ ባለማዕረጉም ባለሽልማቱም። እንደ እሷ ግን በጣም የሚፈልገውን ነገር በአንድ ቃል የለቀቀ አላየሁም። የሚያስቀናኝ ዕውቀቷ አይደለም፣ ያቺ ድፍረቷ ናት። ፊደል ማረሚያዋ ዛሬ በየሰዉ ስልክ ገብቷል፤ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሙያችን ሰዎች ዘንድ ስሟ ሲነሳ ግን ሁልጊዜ «ቅጹ ላይ ባትሳሳት ኖሮ ጉባኤው እዚህ ነበር» ይባላል። እኔም ይህን ሁሉ ዘመን አብሬ ተቀምጬ ዝም ብያለሁ።

ሌንሳ አልተሳሳተችም። «አዎ» ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።