ከመጽሐፍ መደርደሪያው ኋላ የተገኘው ራውተር

ሳና በኩርሙክ ተወልዳ አሶሳ ያደገች የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ከተማው ውስጥ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች። ነብዩ ከጎጃም ወደ ኮሌጁ ተመድቦ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። ቤቷ ወሰደችው። እናቷ ሂባ በየኢዱ እየጠሩ "ልጄ" አሉት። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለኮምፒውተሮች አድራሻ በምታድል አንዲት ትንሽ ራውተር አብረው ይለማመዱ ነበር። የኮሌጁንም መስመር አብረው ዘረጉ፤ ከዋናው ክፍል ለየሕንጻው የየራሱን ገመድ ሳቡ፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይጠፋ።

የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ሊመረጥ ሲል፣ በምዝገባ ሰሞን፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ እምቢ አሉ። ተገናኝተናል ይላሉ፣ ምንም ግን አይከፍቱም። ተማሪው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ያጉረመርማል። ዲኑ አቶ ዲሳሳ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ "ይህን ያዋቀረው ማነው?" አሉ።

ነብዩ ቀና ሳይል፣ "ሳና ናት። ተይ ብያት ነበር" አለ።

ሳና ጆሮዋን ማመን አቃታት። ደንግጦ ነው ብላ ዋጠችው፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኔትወርክ ሲታመም ከታች ወደ ላይ ነው የሚመረመረው። ገመዱን አየች፣ ደህና ነው። ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊችም ደህና ነው። አድራሻው ላይ ስትደርስ ግን ኮምፒውተሮቹ የያዙት ቁጥር ከዋናው ማሽን የተሰጣቸው አልነበረም። የሆነ ቦታ ሌላ ዕቃ ተሰክቶ የሐሰት አድራሻ ያድላል። የሕንጻዎቹን ገመድ ተራ በተራ ነቀለች። የቤተ መጻሕፍቱን ስትነቅል ሁሉም መሥራት ጀመረ።

እዚያ ሄዳ መደርደሪያውን ሳብ አደረገች። የበረንዳዋ ራውተር ነበረች። ነብዩ ተውሷት "ተቃጠለች" ያላት።

ይዛ ፊቱ ቆመች። "ይህቺ ናት የተቃጠለችው?"

ፊቱ ዐመድ መሰለ። "አንቺን ሊሾሙ መሆኑን ሰማሁ። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው ያሰብኩት።"

"በስብሰባው ስሜን ስትጠራስ?"

"አንቺ አገርሽ ነው፤ ሌላ ሥራ አታጪም። እኔ እዚህ ማን አለኝ?"

"ማን አለኝ?" አለች ሳና። ከሁሉ ያቃጠላት ይህ ቃሉ ነበር።

አቶ ዲሳሳ ሰምተው ነብዩን በማስጠንቀቂያ አለፉት። "ሥራው ተስተካክሏል፣ ነገሩን አናራግበው" አሏት። በስብሰባ የጠፋ ስሟን በስብሰባ የመለሰላት ግን አልነበረም። ሹመቱም ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ተሰጠ።

ሳና ሥራዋን ለቃ ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በሚገኝ ትምህርት ቤት ተቀጠረች። አሶሳ ስትመለስ እናቷ "ልጄ ነብዩ የት ሄደ? ለምን አይመጣም?" ይሏታል። ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች፤ የእናቷን ልብ መስበር አልፈለገችም።

ሸርቆሌም መስመሩን ዘርግታ አስተማሪዎቹን ከኢንተርኔት አገናኘች። አልአሚን የሚባል ታታሪ ባልደረባ ተመደበላት። አንድ ቀን በትሕትና፣ "እህቴ፣ የስዊቹን ሳጥን ቁልፍ ለእኔም ባስቀርጽ ምን ይመስልሻል?" ሲል ጠየቃት።

ምንም ያጠፋው ነገር የለም። ታውቃለች።

"ስትፈልግ ጥራኝ፤ እኔ እከፍትልሃለሁ" አለችው።