የፈት ማሳ

የበደለኝ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አምና፣ ከፋሲካ በኋላ። ስሙን አልጽፍም። እሱም የእናቴን አልጻፈም።

የወረዳችን ተወላጆች ማኅበር የትውልድ ቀበሌያችንን ካርታ ለማሳተም ወስኖ ነበር። እዚህ ስደት አገር የተወለዱት ልጆች የየማሳውን፣ የየጉብታውንና የየምንጩን ስም ከነትርጉሙ እንዲያውቁት ነው ተባለ። ስም ሰብሳቢው እሱ ሆነ። ከሚኖርበት ከክላርክስተን እኔ ወዳለሁበት ሊልበርን ድረስ እየነዳ አራት ቅዳሜ ሳሎኔ ተቀመጠ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል። ማዳመጥ ብሎ ነገር የለም። ስሙን ሳልጨርሰው «አውቀዋለሁ እትዬ» ይላል። በልጅነቱ ከተማ የገባ ሰው ምኑን ያውቀዋል?

በመጀመሪያው ቅዳሜ የፈት ማሳን አስጻፍኩት። እናቴ ከአባቴ ስትፋታ የደረሳት ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ድንጋዩን ሁለት በጋ ሙሉ በጀርባዋ እየተሸከመች አውጥታ ዳር ዳሩን ካበችው። ሴት በሬ ጠምዳ አታርስምና የሱ አባት፣ ኋላ አማቴ የሆነው፣ ምርቱን እኩል እየተካፈለ ያርስላት ነበር። ሰዉ ግን የፈት ማሳ አለው። ስድብ ነበር። እናቴ ግን ወደደችው፤ «የኔ መሆኑን መሰከሩልኝ» ትል ነበር። ከሷ የቀረ ሌላ ነገር የለም። መቃብሯ ላይ እንኳ ጽሑፍ የለም።

ካርታው የተመረቀው ኢስት ፖይንት፣ በተከራዩት አዳራሽ ነው። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መነጽሬን አድርጌ የእናቴን ካብ ፈለግኩ። እዚያ ቦታ ላይ የተጻፈው የአባቱ ስም ነበር፤ የእገሌ እርሻ።

ጠርቼ ጠየቅኩት።

«ያርሱት የነበሩት አባባ አይደሉ እንዴ፣ እትዬ?»

«ድንጋዩን ማን ለቀመው?»

«ድንጋይ መልቀም እርሻ ሆነ? ደግሞስ ልጆቹ ፈት ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?» ብሎ አጠገቡ ወደቆሙት ወንዶች ዞሮ ሳቀ። እነሱም ሳቁ። ከካርታው ግርጌ «መረጃ የሰጡ አባቶች» ተብለው አምስት ወንዶች ተዘርዝረዋል። እኔ የለሁበትም።

መስከረም ላይ ደወለ። የምንጮቹን ስም ለሁለተኛው እትም አቆይተውት ኖሮ፣ አምስቱን አባቶች ቢጠይቅ «የላይ ምንጭ፣ የታች ምንጭ» ከማለት አላለፉም። ምን ያድርጉ፣ እንስራ ተሸክመው አያውቁም። እኛ አገር ውሃ የምትቀዳው ሴት ናት። እኔ አሥራ አራቱንም አውቃለሁ፤ የትኛው በጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው አልቅት እንዳለበት።

«መጀመሪያ የፈት ማሳን መልሰህ ጻፍ። ታትሞ ሳየው እነግርሃለሁ» አልኩት።

«ታዲያ አባባን ካረሱት መሬት ላንሳቸው?»

«አዎ።»

ከሽማግሌዎቹ ጋር እመክርበታለሁ ብሎ ዘጋው።

ሁለተኛው እትም ወጣ። የአባቱ እርሻ እንዳለ ነው። ምንጮቹ ስም የሌላቸው ሰማያዊ ነጥቦች ናቸው። እኔ ደብተር ገዝቼ መጀመሪያ የፈት ማሳን፣ ቀጥዬ አሥራ አራቱን ምንጮች ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የነገረችኝን ሴት አሰፈርኩ። ደብተሩን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።