የሐጎስ ቁመት

ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል የተከራየችው ሜላት ከደቡብ የመጣች ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት አምፖል ልቀይርላት ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ሻማ፣ ጨው፣ ጽዋ የምትለው ብርጭቆና እጀታው ጥቁር የሆነ ቢላዋ ተደርድሯል። ዊካ የሚባል የፈረንጅ አስማት ከስልኳ እየተማረች ነው። አልወደድኩትም፤ ነገርኳት።

“ኃይሉ እኮ ቢላዋው ውስጥ አይደለም፣ አቦይ። ልብ መሰብሰቢያ ነው።”

“ታዲያ ያለ ቢላዋ ሰብስቢው።”

“ሞክሬ ነበር። ስለ ፈተና ብቻ ነው የማስበው።”

ሳቀች። እኔ አምፖሉን እንደያዝኩ ሐሳቤ ወደ ሐጎስ ሄደ።

ሐጎስ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ያኔ የምንኖረው እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። ክረምት ነበር፤ በለስ የበሰለበት። ጭጋግ ሲወርድ ኮረብታው ከምድር ተነቅሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ሐጎስ ደረቱን ታሞ፣ ጉልበቱን እስከ አገጩ አጥፎ ተኝቷል። የሰፈራችን መሪጌታ ክታብ ሊጽፉለት ተስማሙ፤ በግ ታረደ፣ ቆዳው ተፋቀ። ክታቡ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ልክ በቁመቱ መሆን ነበረበትና በክር ለክቼ እንዳመጣ ታዘዝኩ።

ላቃናው ስሞክር አቃሰተ።

“እግሬን ተወው፣ ሓወይ። ራስህን ለካና ሂድ።”

ለካሁ። ክሩን በብብቴ ይዤ፣ ጭቃውን እያቦካሁ፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ሄድኩ። ብራናው እስኪደርቅ ቀናት ጠበቅን። ጤና ጣቢያው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር።

ክታቡ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ በታሰረ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሲገነዝ መሪጌታው ክታቡን ፈተው በጎኑ ዘረጉት። አንድ ስንዝር አጠረ።

“ጸሎቱ ሙሉ ነው” አሉ። “ልኩ ጎደለ። ሞት በጎደለው ገባ።”

ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ክር ስይዝ ካየችኝ ፊቷን ታዞር ነበር።

በአርባ ዓመቴ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ የገለጥኩት ያንን ክታብ ነው። ግእዙ አልገባኝም። በቀይ ቀለም የተጻፈውን የክርስትና ስሙን ግን ለየሁት። ስሙ የእሱ፣ ቁመቱ የእኔ።

ትናንት ግድግዳ ላይ ዘርግቼ አጠገቡ ቆምኩ። ጎብጫለሁ፤ አሁን ከእኔ ይረዝማል። ልኩን ያጎደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ሞኝ ነበርኩ። ያንን ጭቃ ክር ይዤ ለመሄድ ጉልበት ነበረኝ። ሐጎስም እንደታጠፈ ነበር፤ ሳላቃናው እስከ ጤና ጣቢያው ጀርባዬ ላይ በልክ ይቀመጥ ነበር።