ይርጋጨፌ ድረስ የተሰማው ሽምግልናዬ

ማንበብ የተማርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የወረዳውም የሐኪሙም ወረቀት የሚነበብልኝ በሰው አፍ ነበር። ያነበበልኝ ሰው እኔ ቤቴ ሳልደርስ ለሰፈሩ አውርቶ ይጨርሳል። ኪንታሮት እንዳለብኝ አማቴ የሰማችው ከእኔ ቀድማ ነው።

ስለዚህ ዲላ ያለነው ጥቂት አማተር ሬዲዮኞች፣ ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለን በአየር የምናወራው፣ «ንግግራችን ሌላ ሰው ሰምቶ እንዳይረዳው እንዲመሰጠር ፈቃድ እንጠይቅ ወይስ ክፍት ይሁን?» ብለን ስንሰበሰብ፣ ይመስጠር ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«ጋሼ» አለኝ ሰብሳቢያችን፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ «ሞገዱ የተሰጠን እኮ ማንም ሊሰማን ስለሚችል ነው። ከተመሰጠረ ማን ምን እንደሚሠራበት በምን ይታወቃል?»

«አንተ ደብዳቤህን ራስህ እያነበብክ ነው ያደግኸው» አልኩት። «ዝም በል።»

ዝም አላለም። ግማሹ ከእሱ፣ ግማሹ ከእኔ ሆነና ውሳኔው ለሚቀጥለው እሑድ ተላለፈ።

በመሃሉ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች። ይርጋጨፌ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለቃሚዎቹን የምታዝ፣ እንደ እኔው ምላሷ የማይታሰር ሴት አለች። ሽማግሌ ልልክባት ቆረጥኩ። ሽማግሌ በማለዳ ይሄዳል፤ ቤተሰቡ ለምን እንደመጣ እንዳላወቀ ይሆናል፤ ይከለክላል፤ ሽማግሌው ይመላለሳል። ደንቡ ነው።

እኔ ግን ዲላ ጥግ፣ ጪጩ ባለው ጓሮዬ አንቴናው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ከሽማግሌዎቹ ዋናው የሚሆነውን፣ ይርጋጨፌ ጨርቅ የሚሸጠውን ሬዲዮኛ ወዳጄን የሚለውን በሬዲዮ አስጠናው ጀመር።

«ዕድሜውን ከጠየቁኝስ?» አለኝ።

«ጥርሱ ሙሉ ነው በላቸው።»

«ሙሉ ነው እንዴ?»

«ከፊት በኩል ሙሉ ነው። እንደ በሬ አፌን ከፍተው አያዩም!»

«ቁጡ ነው ካሉስ?»

«እርጅና ያበርደዋል በል። ወንድሟን ደግሞ እንዳትፈራው፤ ባዶ ጉራ ነው።»

ወንድሟ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የጠገነውን ለመሞከር ቀኑን ሙሉ ሞገድ ሲያስስ ይውላል። ይህን አውቃለሁ። አውቃለሁ፤ ግን ለትዳር የጓጓ ሽማግሌ ጭንቅላት አይሠራም።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ወዳጄ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ወንድሟ ቀደመው፤ «አባቶቼ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ። ጥርሱ ከፊት በኩል ሙሉ ነው፤ ሰምተናል። እርጅና ያበርደዋል፤ ሰምተናል። ባዶ ጉራ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሌላ አለ?»

ሌላ አልነበረም። ያስጠናሁት ሁሉ አለቀበት። «መክረን እንመልሳለን» እንኳ ሳይባሉ ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ።

እሑድ ስብሰባው ላይ ጨሼ ገባሁ። «ይመስጠር! ዛሬውኑ ይመስጠር!» እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ በሩ ተከፈተና ወንድሟ ገባ፤ ከኋላው እሷ። ስብሰባ እንዳለን የሰሙት ያው በሬዲዮ ነው።

«ስማ አንተ» አለችኝ ሰው ሁሉ ፊት። «የፊተኛው ባሌን ሽማግሌዎች ‹ጸባዩ ማር ነው› ብለው ነው የሰጡኝ። ማሩን እስኪሞት ድረስ ፈልጌ አጣሁት። አንተን ግን ስትሳደብም፣ ስትዋሽም፣ ስለ ጥርስህ ስትጨነቅም በጆሮዬ ሰማሁህ። ምን እንደምገዛ አውቃለሁ። አሁን ይመስጠር የምትለው ምን ልትደብቀኝ ነው?»

«ከአንቺ አይደለም፣ ከሰፈሩ ነው።»

«እኔም ሰፈር ነኝ። ቤትህ ገና አልገባሁም።»

የሳቀው ሰው ብዛት! አስተማሪው እንባውን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ድምፅዎ?» አለኝ። በጥፊ ባልኩት ደስ ይለኝ ነበር። እሷ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች።

«ክፍት ይሁን» አልኩ። «አንተ ልክ ስለሆንክ ግን አይደለም።»

ዛሬም ሐሳቤ ያው ነው፤ ሰው የራሱን ወሬ የሚዘጋበት በር ያስፈልገዋል። ያን ቀን ግን ብዘጋው እሷ ውጭ መቅረቷ ነው።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ወንድሟ ሰላምታዬን አልመለሰም። እሷ መኪናው በር ላይ ዞር ብላ፣ «ሽማግሌዎቹን ቅዳሜ ላካቸው» አለችኝ። «ወንድሜ ደጋግሞ ይመልሳቸዋል። እንዳትናደድ።»

«ምን ያናድደኛል?» አልኩ። እዚያው ተናድጄ ነበር።