የጀርመንኛ ፈተናዬ እና ጸበሉ

ዛሬ የጀርመንኛ የቃል ፈተናዬ ሲጀመር እኔ ጸበል ሥር ቆሜ "ማን ነህ? ልቀቃት" እየተባልኩ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የማጠናው ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍና ጀርመንኛ ነው። ፈተናው በኢንተርኔት ስለሆነ ቢቸና እናቴ ቤት ሆኜ ሳምንቱን ሙሉ ጓሮ እየተመላለስኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ስለማመድ ሰነበትኩ።

ከሞጣ ሊጠይቁን የመጡት አክስቴ ሰምተው እናቴን "ይቺ ልጅ የምታወራው የሰው ቋንቋ አይደለም" አሏት።

እናቴ ግን ለእኔ "ፈተናው እንዲቀናሽ ጸበል ቀምሰሽ ትመለሻለሽ" ነው ያለችኝ። አምኜ ከእሷና ከአክስቴ ጋር ሄድኩ፤ ስልኬን ሰጥቻት ጸበሉ ገባሁ።

"አባ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ፈተና አለብኝ" አልኳቸው አጥማቂውን።

"የምን ተማሪ?"

"የጀርመንኛ።"

አክስቴ ከኋላ "ይኸው ለፈለፈ" አሉ።

ወጥቼ ስልኬን ተቀብዬ ሳይ ፈተናው አልፏል። ጀርመናዊው መምህሬ "ለምን አልተገኘሽም?" ብሎ ጽፎልኛል። ካላመነኝ ዓመቱን እደግማለሁ። ሦስት ዓመት የሁለት አገር ድርሰት ሳነጻጽር ኖሬ ይህን የማስረዳበት አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

እናንተስ፣ ቤተሰብ ለእናንተው ብሎ ጉድ የሠራችሁ አላችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ። ጸበሉ ሰባት ቀን ነው ተብያለሁ፤ ነገ ጠዋት ስልኬ ይወሰዳል።