በረኪና የሸተተው ጠርሙስ

በየወሩ ከጓያኪል ከተማ ከሚመጣው አውቶቡስ የሚወርደውን ሰውዬ በስሙ የሚያውቀው የለም፤ «የውሃው ዶክተር» ነው የሚባለው። ሸሚዙን ራሱ እንደሚጥፈው ክሩ ያሳብቅበታል። ከአሸዋው ዳር፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው ዛፍ፣ ከማንግሮቩ ጭቃ ውሃ ቀድቶ፣ በየጠርሙሱ ላይ ቀን ጽፎ፣ ሳይሰናበት ይሄዳል።

በበጋ ውሃው ሰላም ነው። ዝናብ ሲገባ ግን ወንዙ የላይኛውን ሰፈር ጉድ ሁሉ አጥቦ ያመጣና፣ ዛጎሉን የበላ ሰው የሚገድል ባክቴሪያ ማንግሮቩ ውስጥ ይበዛል፤ ሰውዬው በጠርሙሱ ካገኘው የዛጎል ገበያ ይዘጋል። ዛጎል ለቅማ ለምታድረው ለኤውድሲያ ይህ ማለት ከነልጆቿ ጦም ማደር ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ማልዳ ሄዳ፣ እሱ በሚቀዳበት የቆመ ውሃ ላይ ሁለት ጀሪካን በረኪና ደፋችበት።

ሰውዬው ቀዳ፤ አሸተተ።

«ጠርቷል አይደል ዶክተር?»

«የቄስ ቀሚስ ይታጠብበታል» አለ ሳይስቅ። «ልጄ፣ በዝናብ ወር ማንግሮቭ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ጠፋ ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል? መቃብር እንኳ ከዚህ ይሻላል።»

ጠርሙሱን ደፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው ተቀመጡ?»

«ማዕበሉ ገብቶ በረኪናሽን ጠርጎ እስኪወስደው ነዋ።»

«አውቶቡሱ ያመልጥዎታል እኮ! ቤት የሚጠብቅዎት የለም?»

«ሚስቴ ነበረች» አለ እግሩን እያሻሸ። «ዛጎል ጥሬውን በሎሚ ትወድ ነበር። በጋ ነው ክረምት ነው አትልም።»

ኤውድሲያ ለነገ ገበያ የለቀመችውን የዛጎል ቅርጫት ጥቂት አየችው። ከዚያ አንሥታ ጭቃው ላይ ገለበጠችው።