አንድ ይሁን ሰባት

ወንድሜ ጀርመን ትምህርት በጀመረበት ከተማ የሚከራይ ክፍል ሲያስስ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጣሪያቸው ሥር ያለችውን ክፍል ሊሰጡት ፈቀዱ። ማስያዣውን እኔ ከቶሮንቶ እንድልክላቸው ተስማማን። ሴትዮዋ ቅዳሜ ጠዋት የተላከበትን ደረሰኝ ካላዩ ክፍሉን ለሌላ ተማሪ እንደሚያከራዩት ነግረውታል። የባንክ ቁጥራቸውን በእጃቸው ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡት፤ እሱም ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ዓርብ ዕለት ወደ ማታ ሥራው ገባ። የሚሠራበት መጋዘን ስልክ ይዞ መግባት አይፈቅድም። ስልኩን መልሶ የሚያገኘው እዚህ የእኛ ባንክ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከሥራ አስፈቅጄ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወዳለው ባንክ ሄድኩ። ቁጥሩ ረጅም ነው። ሁለት ፊደል፣ ከዚያ ሃያ አኃዝ። አይባን ይሉታል። ሴትዮዋ የጻፉት በድሮ ሰው አጻጻፍ ስለነበር አንዳንዱን እየገመትኩ ለገንዘብ ተቀባይዋ አነበብኩላት። እሷም መታ መታ አድርጋ ጨረሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ሪጀክት አደረገው። ቁጥሩ ልክ አይደለም ይላል» አለችኝ።

«ገና ሳይላክ? ጀርመን ሳይደርስ እንዴት አወቀ?»

«እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ካናዳ እንዲህ ያለ ቁጥር የለንም። ግን አንድ አኃዝ ከተሳሳተ እዚሁ ይይዘዋል።»

ፎቶውን አሳየኋት። ሁለት ቦታ ላይ ያለው አኃዝ አንድ ይሁን ሰባት አይለይም። ጀርመኖች አንድን ሲጽፉ ከላይ ረጅም ጭራ ያወጡለታል፤ ሴትዮዋ ደግሞ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ በግምት መሞከር እንደማትችል በትሕትና ነገረችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። አመስግኜ ወጣሁ።

ቤታችን ክሬሰንት ታውን ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ስገባ የባለቤቴ አባት ብቻቸውን ሳሎን ተቀምጠዋል። ስፖንሰር አድርገናቸው ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባንክ ቤት፣ ሐዋላ ክፍል እንደሠሩ አውቅ ነበር፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም። እዚህ ቆሻሻ ይጥላሉ፣ ፖስታ ያመጣሉ፣ ቀሪውን ጊዜ በመስኮት ያያሉ። እኔና እሳቸው ከሰላምታ አልፈን ብዙ አናወራም ነበር።

«ምነው ልጄ፣ በጊዜ መጣህ?» አሉኝ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ማሽኑ እንዴት አወቀ?»

«እንጃ፣ አባባ።»

«ቴስት አለው ማለት ነው።»

ቴስት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያስረዱኝ። በእሳቸው ጊዜ ገንዘብ በቴሌግራም ሲታዘዝ፣ ከመልእክቱ ጋር አንድ ቁጥር ይመጣል። ተቀባዩ ባንክ ለቀኑ፣ ለገንዘቡ መጠን፣ ለላኪው ቅርንጫፍ የተሰጠውን ቁጥር ከምሥጢር ሠንጠረዥ ላይ እያወጣ ይደምራል። ድምሩ ከመጣው ቁጥር ጋር ካልገጠመ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። ሠንጠረዡ ካዝና ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ቁልፉን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ እሳቸው።

«እስቲ ፈልግልኝ። የዚህኛው ስሌት እንዴት እንደሆነ ተጽፎ ይሆናል» አሉኝ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፈለግሁ። ተጽፏል፤ ምሥጢርም አይደለም። መጀመሪያ ያሉትን ሁለት ፊደላትና ከእነሱ ቀጥለው የሚመጡትን ሁለት አኃዞች ወስደህ መጨረሻ ላይ አድርግ፤ ፊደሎቹን በቁጥር ተካ፤ የመጣውን በዘጠና ሰባት አካፍል። ቀሪው አንድ ከሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት ገልብጠው እርሳስ አነሡ። አራት ዕድል አለን፤ ሁለቱም አንድ፣ ሁለቱም ሰባት፣ የመጀመሪያው አንድ ሁለተኛው ሰባት፣ ወይም ግልባጩ። ካልኩሌተር ላምጣ ብላቸው ካልኩሌተሩ ይህን ሁሉ አኃዝ አይችለውም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በኋላ ሞክሬው አልቻለውም።

ማካፈል ጀመሩ። እንደዚያ ሲያካፍል ያየሁት ሰው የለም። ሦስት አኃዝ ይወስዳሉ፣ ቀሪውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይይዛሉ፣ ቀጣዩን ያወርዳሉ፣ እንደገና። እርሳሱ አይቆምም። ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ሊፍት ውስጥ የትኛውን እንደሚጫኑ አንዳንዴ የሚጠፋባቸው ሰው ናቸው። ቆሜ አየኋቸው።

«ቀሪ አርባ ሦስት። አይደለም።»

ይህ እኔ ባንኩ ውስጥ ያነበብኩት ነበር። ሁለተኛውንም ሠሩ፤ አይደለም። ሦስተኛውን ሲጨርሱ እርሳሱን አስቀመጡ፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። ከታች «፩» ብለው በግዕዝ ቁጥር ጽፈውበታል።

ጃኬቴን ሳነሣ «ቆይ» አሉኝ። አራተኛውንም ሠሩ፤ እሱም አልሆነም። ያን ጊዜ «አሁን ሂድ» አሉኝ።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ባንክ ደረስኩ። ያችው ልጅ ነበረች። ቁጥሩን ከአባባ ወረቀት ላይ አነበብኩላት። ጻፈች፤ ቁልፉን ተጫነች፤ ማሽኑ ተቀበለውና ደረሰኙን አተመችልኝ።

ወንድሜ ስልኩን እንዳገኘ ደወለ። የመጀመሪያው አንድ፣ ሁለተኛው ሰባት መሆኑን ከዋናው ወረቀት ላይ አይቶ አረጋገጠልኝ፤ ልክ አባባ እንዳገኙት። ደረሰኙን ልኬለት ስለነበር ድምፁ ዘና ብሏል። አባባ ላናግረው አሉና ስልኩን ተቀበሉኝ።

«እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ይህን ቁጥር የምትጠቀሙበት ከውጭ ለሚመጣ ብቻ ነው?»

«አይ አባባ። የድሮው አጭር ቁጥር ቀርቷል። አሁን እዚሁ አገር ውስጥም በእሱ ነው። የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ለጎረቤትም ቢሆን።»

«ፊት ለፊትህ ላለ ጎረቤት?»

«አዎ።»

አባባ ስልኩን መለሱልኝና ከሥራ ወደ ገባችው ባለቤቴ ዞሩ። ከዚያ በኋላ የነገሩን ነገር ባለቤቴም ሰምታው አታውቅም። አንድ ጊዜ ሐዋላ ላይ፣ ቴስቱ በማይቆጣጠረው የተቀባይዋ ሂሳብ ቁጥር ውስጥ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ተከፈለ። ባለገንዘቧ የታመመ ባል ያላት ሴት ነበረች፤ ጉዳዩ እስኪጣራ በየቀኑ መስኮታቸው ሥር እየመጣች ትቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው እየነኩ ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አሳልፈው አያውቁም።

«እኛ በዓይናችን ነበር የምንጠብቀው፤ ዓይን ደግሞ ይደክማል» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ጠባቂውን ቁጥሩ ውስጥ አስገቡት። ለጎረቤትም ሳይቀር። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ያሰበው?»

ባለቤቴ የአባቷን እጅ ይዛ ተቀምጣለች።

በማግስቱ ሆላንድ ያለችውን የባለቤቴን የአክስት ልጅ የባንክ ቁጥር ጠየቁኝ። የእሷ ቁጥር መሐሉ ላይ ፊደልም ስላለው ይከብድ እንደሆነ ማየት ፈልገው ነው። እርሳሳቸውን ቀርጸው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ሆንኩ።

«ቀስ ብለው ይሥሩት፣ አባባ፤ እኔም ልማር» አልኳቸው።

ወረቀቱን ወደ መሐላችን ሳቡት።